ነጭ ሁሉ ፈንገስ አይደለም፦ የገንዳ ዓሣን የቆዳ ሕመም ለይቶ ስለማከም



የምኖርበት ዶርም ድመትም ውሻም አይፈቅድም። የሚፈቀደው ዓሣ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከክፍል ስንመለስ የሚጠብቀን ፍጥረት በትንሽ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ነው። ከማኅበራችን አባላት መካከል ዓሣ የሚያሳድግ ሰው እንዲህ እንደሚበዛ ያወቅኩት ባለፈው ስብሰባ ላይ፣ ቡና እየጠጣን ወሬው ወደዚያ ሲዞር ነው። ወዲያው ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ዓሣዬ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ፈንገስ ነው አይደል? ምን ልጨምርበት?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ግን አንድ ዓሣ በራሴ ስህተት ገድያለሁ፣ አንዱን ደግሞ አድኛለሁ። ሁለቱን የለየው የመድኃኒቱ ዋጋ አልነበረም። መድኃኒት ከመጨመሬ በፊት ያየሁትና ሳላይ ያለፍኩት ነገር ነው።

በርበሬ እንዴት ሞተ?

የመጀመሪያው ዓሣዬ ደማቅ ቀይ ቤታ ስለነበር «በርበሬ» ብዬ ሰየምኩት። ገንዳው 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለሁለት ወር ያህል ምንም አልሆነም። የፈተና ሰሞን ግን ገንዳው ቆሽሾ አየሁና ቅዳሜ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩ። ጠጠሩን አጠብኩ። የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ጥርት እስኪል ጨመቅኩት። እማዬ ለበዓል ቤት ስታጸዳ እንደማያት ማለት ነው። በሥራዬም በጣም ኮርቼ ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ በርበሬ መብላት ተወ። ከንፈሩ ዙሪያ ነጭ ነገር ተለጠፈ፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ኮርቻ የተጫነበት የሚመስል ግራጫማ ንጣፍ ታየ። ፎቶ አንሥቼ ወደ አንድ የዓሣ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «ፈንገስ ነው» አለኝና የፈንገስ መድኃኒት ሸጠልኝ። ማታ ደግሞ «ዓሣ ሲታመም ውሃውን አሙቁለት» የሚል ምክር አንብቤ ማሞቂያውን 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አደረግኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ ሞቶ አገኘሁት።

ለእማዬ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ያደገችው ሐዋሳ ነው። «ልጄ፣ እኛ አገር ዓሣ ይጠበሳል እንጂ ይታከማል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ድምፄን ስትሰማ ሳቋን ተወችው። «አይዞሽ። ግን ምን እንደነካው ሳታውቂ ነው መድኃኒቱን የሰጠሽው?» አለች።

እዚህ ኮሌጅ በየሳምንቱ የምንማረው እኮ ይኸው ነው። መጀመሪያ በሽተኛውን መዝን፣ ከዚያ ችግሩን ለይ፣ ከዚያ አቅድ፣ ከዚያ አክም፣ በመጨረሻም ውጤቱን ተመልከት። እኔ በቀጥታ ወደ አራተኛው ደረጃ ዘልዬ ነበር።

«ፈንገስ» የምንለው ምንድን ነው?

እኛ ሻጋታን በደንብ እናውቀዋለን። እንጀራ በላስቲክ ታፍኖ ሲሰነብት የሚወጣበትን ያላየ የለም። በሰው ቆዳ ላይም ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ቆረቆር የምንላቸው ሁሉ እውነተኛ ፈንገሶች የሚያመጧቸው ሕመሞች ናቸው። በገንዳ ዓሣ ላይ እንደ ጥጥ የሚበቅለው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን አይደለም። በይበልጥ የሚታወቀው ሳፕሮሌግኒያ ይባላል፤ ወገኑም «የውሃ ሻጋታ» ይባላል። ክር ስለሚዘረጋና በስፖር ስለሚራባ ፈንገስ ይመስላል፤ በዘር ሐረጉ ግን የሚቀርበው ለቡናማ የባሕር አልጌዎች ነው። የእውነተኛ ፈንገስ የሕዋስ ግድግዳ ካይቲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲኖረው፣ የውሃ ሻጋታ ግድግዳ በአብዛኛው ከግሉካንና ከሴሉሎስ የተሠራ ነው።

የዚህ ወገን አንድ ዘመድ በታሪክ ስሙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ የመጣው በውሃ ሻጋታ ነው። ያው በሽታ ዛሬም በኢትዮጵያ ደጋ የድንች ማሳ ያበላሻል።

ይህን ማወቅ ለዓሣ አሳዳጊ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ለጭርት የገዛችሁት ቅባት ለዓሣ የማይሆነው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ብዙዎቹ የሰው የፈንገስ መድኃኒቶች የሚያጠቁት ኤርጎስትሮል የሚባለውን የፈንገስ ስብ ሲሆን፣ በውሃ ሻጋታ ውስጥ ይህ ስብ ያን ያህል ቦታ የለውም። ሁለተኛ፣ ሳፕሮሌግኒያ በባሕርዩ የሞተ ነገር በል ነው። የተረፈ ምግብ፣ የሞተ ቅጠል፣ ያልተፈለፈለ እንቁላል ላይ ይኖራል። ስፖሮቹ ጅራፍ መሰል ጭራ ስላላቸው በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ በየገንዳው አሉ ማለት ይቻላል። የእናንተም የእኔም ገንዳ ውስጥ አሁን አሉ።

ታዲያ ዓሣው ሁልጊዜ የማይታመመው ለምንድን ነው? የዓሣ ቆዳ በዝልግልግ ሽፋን ተለብጧል። ስናጠምደው ወይም ስንይዘው እጃችን ላይ የሚቀረው ማለት ነው። ይህ ሽፋን ጀርሞችን ይይዛል፣ ይታጠባል፣ ይታደሳል፤ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። ሻጋታው የሚገባው ሽፋኑ ሲቀደድ ነው፦ በጠብ፣ በመረብ፣ በስለታም ጌጥ፣ በጥገኛ ተውሳክ፣ በአሞኒያ ቃጠሎ ወይም ሙቀቱ በድንገት ሲወርድ። ስለዚህ ጥጡን ስታዩ «ከእሱ በፊት ምን ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጋታው ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ በሩን የከፈተለት ሌላ ነው።

ሻጋታው የሚገድልበትን መንገድ ስማር ደግሞ ሆስፒታል የማየው ኖርማል ሳላይን ትዝ አለኝ። ሳላይኑ 0.9 በመቶ ጨው ነው፤ ከደማችን ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን። የንጹህ ውሃ ዓሣ ደምም ከእኛ ደም ብዙ የማይርቅ የጨው መጠን አለው፤ የሚዋኝበት ውሃ ግን ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሃ ያለማቋረጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፣ ጨው ደግሞ ይወጣል። ቆዳው ያንን ያግዳል፤ ኩላሊቱ ትርፉን ውሃ በሽንት ያስወጣል። ቆዳው በሻጋታ ሲቦረቦር ግን ግድቡ ይፈርሳል፣ ደሙም እየቀጠነ ይሄዳል። ዓሣው የሚሞተው ከዚህ የተነሣ ነው። ቀጥሎ ስለ ጨው የምለውን ስታነቡ ይህን አስታውሱ።

ነጭ የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች

ባትሪ አብሩና ከጎን በኩል እያበራችሁ ተመልከቱ። «ነጭ» ከማለታችሁ በፊት ቅርጹን፣ ቦታውንና ፍጥነቱን ለዩ።

እውነተኛው የውሃ ሻጋታ ከቆዳው ላይ ተነሥቶ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥጥ ይመስላል። ዓሣው ከውሃ ሲወጣ ይሟሽሽና እንደ ንፍጥ ይለጠፋል። ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ከቁስል ይጀምራል። ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻና አልጌ ሲይዝ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

ኮለምናሪስ ባክቴሪያ ነው። ሰዎች «የአፍ ፈንገስ» የሚሉት እሱን ነው፤ ብዙ ዓሣ የሚያልቀውም በዚህ የተሳሳተ ስም ሳቢያ ነው። ከንፈር ላይ ነጭ ጠርዝ፣ ጀርባ ላይ እንደ ኮርቻ የተነጠፈ ግራጫ ቦታ፣ የሚበጣጠስ ክንፍ፣ የሚበሰብስ ስንጥብ ያመጣል። ከጥጡ ይልቅ አጭርና የተነጠፈ ነው፤ አንዳንዴ ጠርዙ ቢጫ ወይም ቀይ ይሆናል። በፍጥነት ይገድላል፣ አንዳንዴ በአንድ ሁለት ቀን። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል።

ኢክ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ በአካሉና በክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ነጥቦቹ እያንዳንዳቸው የተለያዩና ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ናቸው። ዓሣው ከጠጠርና ከድንጋይ ጋር ይፋተጋል። «ውሃውን አሙቁለት» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው፤ ሙቀት የተውሳኩን ዑደት ያፋጥንና መድኃኒት ወደሚያገኘው የዋና ደረጃ ቶሎ ያወጣዋል።

ሊምፎሲስቲስ ቫይረስ ነው። የአበባ ጎመን የሚመስል ጠንካራ እብጠት በክንፍ ጫፍ ላይ ያወጣል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መድኃኒት የለውም፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይጠፋል።

በሽታ ያልሆነም አለ። የወንድ ጎልድፊሽ የስንጥብ ክዳን ላይ በመራቢያ ወቅት ተራ በተራ የተደረደሩ ነጭ ነጥቦች ይወጣሉ። ጤነኛ ነው፤ ተዉት።

አሁን ወደ በርበሬ እንመለስ። በማይክሮስኮፕ ስላላየሁት እርግጠኛ መሆን አልችልም። የከንፈሩ ጠርዝ፣ የጀርባው ኮርቻና የአሟሟቱ ፍጥነት ግን ሁሉም ወደ ኮለምናሪስ ይጠቁማሉ። ከሆነ የሰጠሁት መድኃኒት ለሌላ በሽታ ነበር፤ ውሃውን ማሞቄ ደግሞ ባክቴሪያውን ረዳሁት ማለት ነው።

ከዓሣው በፊት ውሃውን መርምሩ

በሽተኛ ስንቀበል መጀመሪያ የምንለካው የሕይወት ምልክቶችን ነው፦ ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የደም ግፊት። የገንዳ የሕይወት ምልክት ውሃው ነው። በጠብታ የሚሠራ የመመርመሪያ ኪት ግዙ፤ ከመድኃኒት ሁሉ በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለማፍራት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። ጤነኛ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0 መሆን አለባቸው፤ ናይትሬት ደግሞ በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። አሞኒያ ስንጥብና ቆዳ ያቃጥላል። ናይትራይት ወደ ደም ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ደሙም ቡናማ ይሆናል።

የእኔ የቅዳሜ ጽዳት ምን እንዳደረገ አሁን ግልጽ ነው። የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። እኔም በዚያ ውሃ የፊልተሩን ባክቴሪያ አጥቤ ገደልኩት። በርበሬ ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን የተነፈሰው የራሱን አሞኒያ ነው። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ብቻ እጠቡት። ውሃውንም በአንዴ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ብቻ ቀይሩ። ክሎሪንን ውሃውን አንድ ቀን በማሳደር ማስወጣት ይቻላል። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን ግን በማሳደር አይወጣም፤ የውሃ ማስተካከያ ፈሳሽ የግድ ያስፈልጋል።

ከውሃው ቀጥሎ ዓሣውን ሳትነኩት ለ5 ደቂቃ ያህል ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ይበላል ወይ? በፍጥነት ይተነፍሳል ወይ? ውሃው ላይኛው ክፍል ላይ አየር ይፈልጋል ወይስ ጥግ ይዞ ተኝቷል? ክንፉ ተዘርግቷል ወይስ ተጣብቋል? አንድ ዓሣ ብቻ ነው የታመመው ወይስ ሁሉም? ሁሉም ባንዴ ከታመሙ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ። በመጨረሻም ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተለወጠ ነገር ካለ ጻፉ፦ አዲስ ዓሣ፣ አዲስ ጌጥ፣ ጽዳት፣ ጉዞ፣ የመብራት መጥፋት። ይህ የሕመሙ ታሪክ ነው።

እርድ እንዴት ዳነ?

ሁለተኛውን ዓሣ ያገኘሁት ከአንዲት ተመራቂ ተማሪ ነው። ቢጫ ጎልድፊሽ ከነገንዳው አስረክባኝ ሄደች። ቀለሙን አይቼ «እርድ» አልኩት። እማዬ ስትሰማ «ከቢላ ያተረፍሽውን ፍጥረት እርድ ብለሽ ትጠሪዋለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ስሙ ግን ጸና።

ገንዳውን ካጓጓዝን በሳምንቱ ጭራው ሥር ላይ ነጭ ጥጥ በቀለ። እጄ ወደ መድኃኒት ሲሄድ የበርበሬ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። ውሃውን ለካሁ፦ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት ግን በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም። በጉዞው ወቅት ፊልተሩ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ስለነበር ባክቴሪያው ተጎድቷል። ባትሪ አበራሁ፦ ጥጡ የተነሣው ከአንድ ቀይ ጭረት ላይ ነው። ገንዳው ውስጥ እጄን አስገብቼ ጌጦቹን ስዳስስ የአንዱ የፕላስቲክ ግንብ ጠርዝ ጣቴን ሊቆርጠኝ ደረሰ። ታሪኩ ሁሉ እዚያ ነበር።

የማይክሮባዮሎጂ ላብ አስተማሪያችንን አስፈቅጄ ከጥጡ ጥቂት ክር በአንድ ጠብታ የገንዳ ውሃ ስላይድ ላይ አየሁት። ቅርንጫፍ ያላቸው፣ ወፈር ያሉ ረጃጅም ክሮች ነበሩ፤ በመሃላቸው እንደ ቀርከሃ አንጓ የሚከፍል ግድግዳ የለባቸውም። የውሃ ሻጋታ መልክ ይህ ነው። ኮለምናሪስ ቢሆን ኖሮ በጣም ቀጫጭን፣ ረዘም ያሉ፣ እየተንሸራተቱ በክምር የሚሰበሰቡ ባክቴሪያዎችን አይ ነበር። ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰው በቅርጽና በፍጥነት መለየቱ ይበቃዋል፤ እኔ ግን ዕድሉ ስለነበረኝ ተጠቀምኩበት።

ያደረግኩት ይህን ነው። ግንቡን አውጥቼ ጣልኩ። ከዋናው ገንዳ ሲሶውን ውሃ ቀየርኩ። እርድን ሳሙና ነክቶት በማያውቅ 20 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ለብቻው አደረግኩት፤ በኮቪድ ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የምንለው ዓይነት። የአየር ፓምፕ አስገባሁለት። ከዚያ ምንም ያልተጨመረበት ንጹህ ጨው በኩሽና ሚዛን መዝኜ በየ12 ሰዓቱ 20 ግራም፣ በሦስት ጊዜ በድምሩ 60 ግራም ጨመርኩ። ይህ በሊትር 3 ግራም ማለት ነው።

ጨው እዚህ ሦስት ሥራ ይሠራል። የሻጋታውን እድገት ይገታል። በውሃውና በደሙ መካከል ያለውን የጨው ልዩነት ስለሚያጠብ የተጎዳው ቆዳ ላይ ያለውን ሸክም ያቀላል። በተጨማሪም በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል።

በየቀኑ ከሳፋው ሲሶውን ውሃ እየቀየርኩ ለአዲሱ ውሃ ብቻ ጨው ጨመርኩ፤ ጨው ከውሃው ጋር ስለማይተን በግምት መጨመር ያከማቸዋል። ለተነነው ውሃ ንጹህ ውሃ ብቻ ይተካል። በአራተኛው ቀን ጥጡ ሳሳ። በአሥረኛው ቀን ጠፋ። የዋናው ገንዳ ናይትራይት 0 መሆኑን ሁለት ጊዜ ለክቼ መለስኩት። ጭራው ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው፤ አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ ምግብ እየለመነኝ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጨው ለሁሉም እኩል አይሆንም። ጎልድፊሽ በደንብ ይችለዋል። እንደ ኮሪዶራስ ያሉ የገንዳ ካትፊሾችና የገንዳ ተክሎች ግን ይጎዱበታል። ለእነሱ በሊትር ከ1 ግራም ባልበለጠ ጀምሩ፣ ወይም ሐኪም ጠይቁ።

መድኃኒት ሲያስፈልግ

ጥጡ ከተስፋፋ ወይም ጨው ካልበቃ ሜቲሊን ብሉ አለ። ይህ ሰማያዊ ቀለም ለነርሲንግ ተማሪ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1876 ለጨርቅ ማቅለሚያ ተሠራ፤ በ1891 ፖል ኤርሊክ ለወባ ሞከረው። ዛሬም ሆስፒታል ውስጥ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ላቃተው አንዳንድ በሽተኞች ይሰጣል፤ ናይትራይት ዓሣ ላይ የሚያመጣው ያው ዓይነት ችግር ነው። ለዓሣ እንቁላል ከሻጋታ መከላከያም በሰፊው ይውላል። ሆኖም የፊልተሩን ባክቴሪያ ስለሚጎዳ በለይቶ ማቆያ ውስጥ ብቻ ተጠቀሙበት። የሲሊኮን ማጣበቂያውንም ልብሳችሁንም ሰማያዊ ያደርጋል።

ማላካይት ግሪን ሻጋታ ላይ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ግን መርዛማ ነው። ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ በአሜሪካም በአውሮፓም አይፈቀድም። የገንዳ ዓሣ መድኃኒቶች ውስጥ ስለሚገኝ መለያ ወረቀቱን አንብቡ፣ ጓንት አድርጉ፣ ከተጻፈው መጠን አትለፉ።

የትኛውንም ስትሰጡ ከፊልተሩ ውስጥ ከሰሉን አውጡ፤ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ሁለት መድኃኒት ባንድ ላይ አትቀላቅሉ። መጠኑን በገንዳው ሳጥን ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በእውነተኛው ውሃ አስሉ፤ ጠጠሩና ጌጡ ቦታ ይይዛሉ። ሕክምናው ሲያልቅ ከሰሉን መልሱት።

ኮለምናሪስ ከጠረጠራችሁ አትጠብቁ። ዓሣውን ለዩ፣ ውሃውን አታሙቁ፣ በዚያው ቀን ዓሣ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ። እንዲህ ያሉ ሐኪሞች አሉ፤ አንዳንዶቹም ፎቶና ቪዲዮ አይተው ይመክራሉ።

ስለተረፈው አሞክሳሲሊን

እርድ በታመመ ጊዜ ያቺው «ሳታውቂ ነው የሰጠሽው?» ያለችኝ እማዬ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ባለፈው ለጉሮሮሽ ከወሰድሽው አሞክሳሲሊን አልተረፈሽም? ትንሽ በጥብጠሽ ስጪው። ካልሆነ ቲቲሲ ቀቢው።» ተሳሳቅን። ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ኪኒን አለ፤ ከአገር ቤት የመጣ፣ ከጎረቤት የተለገሰ፣ ለአንዱ ታዝዞ ሌላው የሚውጠው። አንቲባዮቲክ ቫይረስንም ሻጋታንም አይገድልም። ያለቦታው ሲሰጥ የሚገድለው ደካማውን ባክቴሪያ ነው፤ የሚተርፈው ጠንካራው ይራባል። ገንዳ ውስጥ ሲጨመር ደግሞ ፊልተሩን ይጎዳል፣ ውሃው ሲደፋም ወደ ፍሳሽ መስመር ይሄዳል። «እማዬ፣ ይኼ ባክቴሪያ አይደለም፤ ማይክሮስኮፕ ላይ አይቼዋለሁ» ስላት «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ከእማዬ አፍ ይህን መስማት ለእኔ ትልቅ ማዕረግ ነው።

የራሳችሁንም እጅ አስቡ። የዓሣ ሻጋታ ወደ ጤነኛ ሰው አይተላለፍም። ከገንዳ ውሃ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሌላ ባክቴሪያ ግን አለ፦ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም። የቲቢ ዘመድ ነው። በተቆረጠ ቆዳ በኩል ይገባና ከሳምንታት በኋላ እጅ ላይ የማይድን እብጠትና ቁስል ያወጣል፤ ሕክምናውም ወራት ይወስዳል። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ፣ የገንዳውን ቱቦ በአፋችሁ አትሳቡ። የማይድን የእጅ ቁስል ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ከሄዳችሁ ደግሞ «ዓሣ አሳድጋለሁ» ማለትን አትርሱ። ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ከመሰናበቴ በፊት

መከላከሉ ከማከሙ ይቀላል። አዲስ ዓሣ ስትገዙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለብቻው አቆዩት። መረቡ ለየገንዳው የራሱ ይሁን። የተረፈ ምግብና የሞተ ቅጠል አውጡ። በየሳምንቱ ትንሽ ውሃ ቀይሩ፤ የአዲሱ ውሃ ሙቀት ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል። ጌጥ ከማስገባታችሁ በፊት በእጃችሁ ዳስሱት፤ እናንተን የሚቧጭር ዓሣውንም ይቧጭራል።

በርበሬን ዶርማችን ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር ቀበርኩት። የክፍል ጓደኛዬ «ለአምስት ዶላር ዓሣ ነው?» ብላኝ ነበር። በዚህ ሴሚስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል ገብቼ የሰው ቁስል ላይ ያለውን ፋሻ ስፈታ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ቁስሉ ዙሪያ ነጭ ነገር አየሁ። ኃላፊዬ «ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እስካሁን አላውቅም፤ መጀመሪያ ልየው» አልኳት። «ጥሩ» አለችኝ።

ገንዳችሁ ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ ፎቶ አንሡ፣ ውሃውን ለኩና በቀጣዩ ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ቡናው ይፈላል፣ አብረን እናየዋለን። ቸር ያሰንብተን።